ጥለቱ ወደ ላይ

ኅዳር 18

ዛሬ የወይዘሮ ማሚትን ሳሎን አየሁ፤ አየሁና ታመምኩ። ልጃቸው ፋኑኤል የኔዋን ልደትን ሊያገባ ነው። ስለዚህ "እስቲ እንተዋወቅ" ብለው ለጾም ምሳ ጠርተውን ነበር፤ መስቀል ፍላወር፣ ከራሳቸው ሆቴል ጀርባ። ምሳው እንኳ ምንም አይደል። ሽሮ የማንም ቢሆን ሽሮ ነው። ግድግዳቸው ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል ተሰቅሏል። ሰው የለው፣ ዛፍ የለው፣ ቤተ ክርስቲያን የለው፤ ቀይ መስመር፣ ሰማያዊ መስመር፣ አንድ ቀጭን ቢጫ፣ አለቀ። "ትርጉሙ ምንድነው?" ብዬ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው "አብስትራክት እኮ ነው፣ ትርጉም አይጠየቅም" አሉኝ። ሹካ እንዴት እንደሚያዝ ለገጠር ዘመድ እንደሚነገረው አድርገው።

ባሌ መብርሃቶም መንገድ ላይ "ሴትየዋ ደግ ናት" አለኝ። ወንድ ምን ያያል።

የኛ ግድግዳ ላይ ያለው የልደት የምረቃ ፎቶ ነው፣ ከባንክ በነጻ የተሰጠን ካላንደር ነው። ይህን ይዤ ነው ሽማግሌ የምቀበለው? ጥር 4 ሊመጡ ነው። እኔ ያደግኩት ጋዜጣ በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ነው። ልጄ ከዚያ ግድግዳ ሥር ወጥታ አትዳርም።

ኅዳር 20

ስታዲየም ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ አንድ ማተሚያ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ አምኃ ይባላል፤ ራሰ በራ፣ ቀልደኛ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚያስረዳ። ሥዕሉ የሚታተመው አክሪሊክ በሚባለው መስታወት መሳይ ነገር ጀርባ ላይ ነው አለኝ። ከዚያ በአራቱ ጥግ በብሎን ይያዝና ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ይቆማል። "በቃ አየር ላይ የተንሳፈፈ ነው የሚመስለው፣ ማዘር" አለኝ። ማዘር! በአምስት ዓመት ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም።

ከስልኬ የመረጥኳቸውን ሦስት ሥዕሎች አሳየሁት። ሁለቱ ትንንሾቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ናቸው። ትልቁ፣ መሀል የሚሆነው፣ አብዛኛው ነጭ ነው፤ በአንድ ጫፉ ላይ ብቻ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ መስመር ተደርድሮበታል። አምኃ ስልኬን ጠጋ አድርጎ አየውና "ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው። የሰው ፊት ቢሆን ያሳፍረን ነበር። መስመር ግን ቢደበዝዝም መስመር ነው" አለ።

ወደድኩት። እኔም የምፈልገው የማያሳፍር ነገር ነው።

"ኦሪጅናሉ የማን ነው?" ሲለኝ "የአንድ ታዋቂ ፈረንጅ" አልኩት። ማን እንደሆነ አላውቅም። እሱም አላጣራም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

አማቴ፣ እማማ ሰገን፣ ከቅዳሴ መልስ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ታናሹ ልጃቸው አስመላሽ በየእሑዱ ይደውላል። ሹፌር ነው። ቤቱ መቀሌ ነው፣ የሚውለው ግን የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከባድ መኪናውን ዳር አቁሞ ይደውልና በትግርኛ ይሳሳቃሉ። ያን ጊዜ ቤቱ የኔ አይመስለኝም። ከመዝጋታቸው በፊት ይመርቁታል። ዛሬ ምርቃቱ ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓት ይዤ ነው።

እዚህ ከመጡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። የካዛንቺሱ ቤታቸው ለመንገዱ ሥራ ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፤ ገሚሱ ገላን፣ ገሚሱ አራብሳ። እድራቸውም አብሮ ተበተነ። መብርሃቶም እናቱን ወደኛ አመጣ። አልተቃወምኩም። አልተጠየቅኩምም።

ኅዳር 25

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልኩ ጸደቀ። ብሎኑ ወርቃማ ይሁን አልኩ። ኡራኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ መብርሃቶም ደወለ። ድምፁ የሱ አልነበረም። አስመላሽ ሞቷል። መኪናው ገደል ገብቶ፣ ዛሬ ጠዋት።

ሰልፉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ጥር 4 ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ኅዳር 26

ሁሉን በሥርዓቱ ልጻፈው፣ ኋላ ማንም እንዳይወቅሰኝ።

መርዶ በተነገረ ሰዓት ድንኳን ይተከላል። ሶፋው ይወጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ግድግዳው ይራቆታል፣ አማቴ ዓመት ሙሉ ጥቁር ይለብሳሉ። ሐዘን ቤት ደግሞ ሽማግሌ አይመጣም። የልደት ነገር ለዓመት ይተላለፋል ማለት ነው። ፋኑኤል ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ወይዘሮ ማሚት ዓመት ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። እስከዚያ ስንቷን ያሳዩታል!

መርዶ በኛ አገር በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነግረው። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይይዛል። ይህን ባህል እኔ አልፈጠርኩትም። ሁለት ቀን መቆየት ካልከፋ ሳምንት ለምን ይከፋል? ሳምንት ካልከፋስ?

መብርሃቶም "ሰባት ቀን ብቻ" አለ። የአባቱ ወንድም ጋሽ ተከስተም በስልክ "በሰባተኛው ቀን እኔ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ" አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ለልደትም አልተነገራትም። አጎቷን ትወዳለች፣ ፊቷ ደግሞ አይደብቅም።

መብርሃቶም ለቀብሩ መቀሌ ሄደ። ለእናቱ "አደይ፣ አዳማ የሦስት ቀን ሥልጠና አለብኝ" ብሎ ነው። ሲስማቸው አንገቱን ይዘው "ከዚያ ሆነህ ለወንድምህ ደውልለት፣ ካልደወልክለት ይከፋዋል" አሉት። ሻንጣውን ረስቶ ወጣ። እስከ ደረጃው ሮጬ ሰጠሁት።

ኅዳር 30

ተመለሰ፣ ጺሙን አሳድጎ። ሐዘንተኛ አይላጭም፣ አውቃለሁ። ግን የአዳማ ሥልጠና ጺም አያሳድግም።

"ተላጭ" አልኩት።

"ወንድሜ ነው፣ ፍሬሰላም።"

"እሷስ ልጅህ አይደለችም?"

መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃውን ከፈተው። በውሃው ድምፅ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ጨመርኩት። ሲወጣ አገጩ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። እናቱ አይተውት ሳቁ። "እንዴ፣ ዛሬ ነው እንዴ መላጨት የጀመርከው?" አሉት። እሱም ሳቀ።

የእማማ ሰገንን ሲም ካርድ አውጥቻለሁ። ስልኩ ተበላሽቶ ጥገና ገባ ብያለሁ።

ታኅሣሥ 1

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የግቢያችን ዘበኛ ጋሽ አረጋዊ ደወሉልኝ። "እንግዶች መጥተዋል፣ ነጠላ የለበሱ።" በነጠላ ጫማ አራት ፎቅ ወረድኩ። ጋሽ ተከስተ ናቸው፣ ሦስት ሰው አስከትለው። አንዷ ሴትዮ ገና ሳይገቡ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ሰዎቹን ከበሩ ወዲያ ያዝኳቸው። የእማማ ደም ግፊት ሁለት መቶ ገብቷል አልኩ። ሐኪሙ ድንገት ከሰሙ ልባቸው ቀጥ ይላል ብሏል አልኩ። እማማ ሰገን ሐኪም ካዩ ስድስት ወራቸው ነው።

"ፍሬሰላም" አሉኝ ጋሽ ተከስተ፣ "እናቱ ናት እኮ። የእናት እንባ በቀጠሮ አይሆንም።"

"እስከ ገና ብቻ፣ ጋሼ። ከሞቱብን እርስዎ ኃላፊነት ይወስዳሉ?"

እሳቸው ኃላፊነት የሚለውን ቃል ይፈራሉ፤ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ተመለሱ። ሴትዮዋ መንገዱ ላይ ስትደርስ አለቀሰች፣ ድምፅ ሳታሰማ።

ጋሽ አረጋዊ ሁሉን ሰምተዋል። "እርስዎ ምንም አልሰሙም" አልኳቸው። "እኔ የምጠብቀው በር ነው" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፣ አልወደድኩትም።

ታኅሣሥ 4

ተሰቀለ! ተሰቀለ! አምኃ ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ። ትልቁን ሁለት ሰው ነው የተሸከመው። መከላከያ ላስቲኩ ሲገፈፍ እንዴት እንደሚያበራ! ሳሎኑ በአንድ ጊዜ የሌላ ሰው ሳሎን ሆነ።

"የቱ ነው ላይ?" አለኝ አምኃ ትልቁን አቅፎ። "ሥዓሊውን እንዳንጠይቀው ሩቅ ነው።"

ጥያቄው አናደደኝ፣ መልሱን አላውቀውማ። መስመሩ ታች ከሆነ የሶፋው መደገፊያ ይሸፍነዋል። ሰው የከፈለበትን ነገር በሶፋ አይሸፍንም። "መስመሩ ላይ ይሁን" አልኩ።

እማማ ሰገን ከክፍላቸው ወጡ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ጥለት ነው" አሉ።

"አይ እማማ፣ አብስትራክት ነው። ትርጉም አይጠየቅም።"

"ጥለት ነው እንጂ። ያ ነጩ ነጠላው፣ ያ ጥለቱ። ዘቅዝቃችሁታል ግን።" ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው አሳዩን። "ጥለቱ ወደ አንገት የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ማን ሞቶ ነው?"

አምኃ ሳቀ። መብርሃቶም ወንበር ይዞ ቆሞ ነበር፣ ወንበሩን እንደያዘ ወጥ ቤት ገባ።

"ማንም አልሞተም" አልኩ።

"ታዲያ ገልብጡት፣ ልጄ። ለቤት ጥሩ አይደለም።"

አምኃም "የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ እንገልብጠው" አለ። "አይነካም!" አልኩ። እንዲህ እጮሃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ብገለብጠው ልክ ነዎት ማለት ይሆንብኛል።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

በረንዳ ላይ ያለ ስልክ ተቀመጡ። እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደቀድሞው ነው።

"ስልኬ ዛሬም አልመጣ?"

"ዕቃው ጠፍቶ ነው። አስመላሽ ግን ማክሰኞ ለመብርሃቶም ደውሎ ነበር። ጅቡቲ ወደብ ላይ ታግዷል፣ ኔትወርክ የለም አለ።"

"ሌላስ ምን አለ?"

ይህን አላዘጋጀሁም። "ይሞቃል አለ።"

ሳቁ። "እሱ ሙቀት አይችልም፤ ሕፃን ሆኖም እርቃኑን ነበር የሚሮጠው።"

ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ቀላል መሆኑ ግን ደስ አላለኝም። ይህንንም ልጻፈው፤ እኔ ድንጋይ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 17

መብርሃቶም ከሳ። ቢሮ ውስጥ "ስኳር ያዘህ እንዴ?" ይሉታል። እሱን እያየ ሰው እንዳይጠረጥር ፈራሁ።

እማማ ሰገንም መብላት ቀንሰዋል። ስለዚህ መርካቶ ሄጄ ጥሩ ሻሽ ገዛሁ፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ዳሩ የሚያብረቀርቅ። "አስመላሽ ከጅቡቲ በሰው ላከልዎት" አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። አፍንጫቸው ላይ አደረጉት፣ አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት።

"የናፍጣ ሽታ የለውም" አሉ። "የሱ ነገር ሁሉ ናፍጣ ነው የሚሸተው።"

"በፌስታል ታሽጎ ስለመጣ ነው።"

አሰሩት። ማታ ራታቸውን ጨርሰው በሉ። እንግዲህ ይህ ክፋት ከሆነ ክፋት ምን እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 20

የጣት አሻራ! ትልቁ አክሪሊክ ላይ፣ ነጩ ላይ፣ በየቀኑ። ሠራተኛችን ምንዳዬን ስገስጻት "እኔ አይደለሁም፣ እማማ ናቸው፣ ሁልጊዜ ይዳስሱታል" አለች። ዛሬ ያዝኳቸው። ሶፋው ላይ ተንበርክከው በጣታቸው ይከተሉታል።

"ምን ፈልገው ነው?"

"ፈትሉን ነበር። የሸማኔው እጅ እንዴት እንደሆነ ለማየት።"

"ፈትል የለውም እማማ፣ ፕላስቲክ ነው! እጅዎንስ ታጥበዋል?"

እጃቸውን አዩት። ከሶፋው ሲወርዱ ጊዜ ወሰደባቸው፤ አልደገፍኳቸውም፤ ጨርቁን ይዤ ነበር። "ለካ ለዚህ ነው የሚቀዘቅዘው" አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ያንን የእጅ ነገር ባልል ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ጋሽ ተከስተ አሥራ አንድ ጊዜ ደውለዋል። አላነሣሁም።

ወይዘሮ ማሚት ደወሉ። ቀኑ ወደ ጥር 18 ይገፋ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከመቀሌ የሚመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከጥምቀት በፊት አይመቻቸውም። "የእናንተም ወገን ከዚያው ስለሆነ ደስ ይላችኋል ብለን ነው" አሉኝ። ደስ ብሎኛል አልኩ።

መብርሃቶም ይህን ሲሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "አርባው ጥር 4 ነው" አለ። "ፍሬ፣ አርባውን ሳታውቅ ልታልፍ ነው። ለልጇ አንድ ሻማ ሳታበራ።"

"ሁለት ሳምንት ነው የተጨመረው።"

"አንቺ ሰው ነሽ?"

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሳይጠይቀኝ ቢቀር እኔ ምን አደርግ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ጥር 4፣ እሑድ

መብርሃቶም ከንጋት ጀምሮ ኡራኤል ነው። መቀሌ ተዝካሩን እያወጡ ነው።

እኔ ዶሮ ሠራሁ። ለጥር 18 ጠረጴዛው ከሥዕሎቹ ሥር እንዴት እንደሚታይ፣ ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ልለማመድ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

እማማ ሰገን "ዛሬ ምን በዓል ነው?" አሉ። "እንዲሁ ነው፣ ይብሉ" አልኩ። ደስ አላቸው። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ይውጡልሽ" ብለው መረቁኝ። መብርሃቶም ዓይኑ ቀልቶ ገባ። አጠገባቸው አስቀመጡትና አጎረሱት። ከዚያ ሌላ ጠቅልለው "ይቺ ደግሞ የወንድምህ ናት፣ በሱ ፈንታ ጉረስ" አሉት።

ጎረሰ። አኘከ። ዋጠ። እያየሁት ነበር።

ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። ትንሽ የመስኮቱ ብርሃን አክሪሊኩ ላይ ያንጸባርቃል እንጂ።

ጥር 10

ለካ እማማ ሰገን ከሰዓት በኋላ እየወረዱ ጋሽ አረጋዊ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከሚስታቸው ጋር። በሩ አጠገብ ያለችው አንድ ክፍል ናት ቤታቸው። ሰውዬው ሁሉን ያውቃሉ! "ደረጃው ጉልበትዎን ይጎዳዋል" ብዬ ከለከልኩ። ምንዳዬ ቁልፉን እንዳትሰጥ ነግሬያለሁ።

"እስረኛ ሆንኩ እንዴ?" አሉ፣ እየቀለዱ።

"ለስምንት ቀን ብቻ" አልኩ፣ እኔም እየቀለድኩ።

ጥር 17

ሁሉ ዝግጁ። ሦስቱንም አክሪሊኮች በራሴ እጅ ወለወልኳቸው። እማማ ሰገን የጥበብ ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፣ የአስመላሽን ሻሽ ያስራሉ፣ ከትልቁ ሥዕል ሥር መሀል ላይ ይቀመጣሉ። አያት መሀል ስትሆን ፎቶው ክብር አለው። ልደት ክፍሏ ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። ነገ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሦስት ቀን እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ጋሽ ተከስተ መጥተው ይንገሩ። እኔም ከልቤ አለቅሳለሁ። አስመላሽን እወደው ነበር።

የረሳሁት ነገር የለም።

ጥር 18

ይህንንም እንደሆነው ልጻፈው።

አራት ሽማግሌዎች መጡ። ወይዘሮ ማሚት በሥርዓቱ መሠረት አልመጡም። የመጀመሪያው ሽማግሌ ቆመው ተናገሩ፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" አሉ። መብርሃቶም "ተቀመጡ" አለ። ሁሉም ወደ ግድግዳው ያያሉ። ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ዘር ይቆጠር አሉ። ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳይኖር። ይህን እንዴት ረሳሁ? ልጅ ሆኜ ስንቴ አይቻለሁ፣ ስንቱ ሰርግ ላይ ሰምቻለሁ! ስለ ብሎን ቀለም ሳስብ ዘር የሚቆጠር መሆኑ ከጭንቅላቴ ወጣ።

በአባት ወገን የሚቆጥሩት ታላቋ ናቸው፣ እማማ ሰገን። ቀና ብለው ጀመሩ፤ አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን። ድምፃቸው እንደ ወጣት ነበር። "እኔ ደግሞ ሁለት ወንድ ወለድኩ" አሉ። "ታላቁ ይኸው መብርሃቶም ነው። ታናሹ አስመላሽ…"

የመቀሌው ሽማግሌ "አስመላሽ ሹፌሩ?" ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እናቴ፣ ነፍሱን ይማረው። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።" ከዚያ ወደ መብርሃቶም ዞሩ። "ለካ አንተ ነህ! ከገባሁ ጀምሮ የት ነው የማውቀው እላለሁ። ያኔ ጺም ነበረህ።"

ሽማግሌው ፊታችንን አንድ በአንድ አዩና ገባቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

እማማ ሰገን ሽማግሌውን አላዩም። ልጃቸውን ነው ያዩት።

"መቼ?"

"ኅዳር 25፣ አደይ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። ከጣት ጣት እያለፉ፣ ቀስ ብለው። ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም።

"አርባው አልፏል" አሉ። "በአርባው ቀን ምን አበላችሁኝ?"

መብርሃቶም እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም ራሳቸው አስታወሱት መሰለኝ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ሻሹን ፈትተው አጣጥፈው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን አወለቁና ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ለበሱ። አንድ እንባ አልወረዳቸውም።

"እዚህ አላለቅስም" አሉ። "በዚህ ቤት ልጄ አልሞተም።"

ልደት ከክፍሏ ወጣች። ሁሉን ሰምታለች። "እማዬ፣ አጎቴ?" እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላየችኝም። አያቷን በክንዷ ደግፋ በሩን ከፈተች። ጋሽ አረጋዊ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ ከታች ዋይታው ተሰማ። የእማማ ሰገን ድምፅ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ምግብ ሳይቀምሱ ተነሡ። የመጀመሪያው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው "ለእናት ያልተነገረበት ቤት ልጅ አንጠይቅም። ስንሄድ ለላከችን ይህንኑ እንነግራታለን" አሉኝ።

የአርባ ሰው ምግብ ቀርቧል። ወይዘሮ ማሚት ምን ይሉ ይሆን?

ጥር 19

አምኃን ጠርቼ ትልቁን አስገለበጥኩት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አሁን መስመሩ ታች ነው፤ ሶፋው ሸፍኖታል።

ያየው ሰው የለም። መብርሃቶም እናቱ ጋ ነው ያደረው። ምንዳዬም ወረደች፤ ደመወዟን እንኳ ሳትጠይቅ።

ፋኑኤል ለልደት አንድ ጊዜ ደውሏል። ከዚያ ወዲህ የለም።

ጥር 22

የኡራኤል ንግሥ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ዝግ ነው።

ድንኳኑ ጋሽ አረጋዊ ደጃፍ ነው የተተከለው። የተበተነ ነው ያልኩት የካዛንቺስ እድር በሙሉ መጥቷል። ከገላን፣ ከአራብሳ፣ በታክሲ ተጭነው፣ ወንበራቸውንና ድስታቸውን ይዘው። ከመስኮት ሳይ አራት ቀኔ ነው። ሁሉም በበሩ ይገባል፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ደረጃውን የወጣ አንድ ሰው የለም። ሶፋዬ ንጹሕ ነው።

ዛሬ ጥቁር ለበስኩ። ነጠላዬን እንደ ሥርዓቱ አደረግኩ። ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ወሬው ቆመ። መብርሃቶም ጺሙ አድጓል፤ አየኝና መሬት አየ። ልደት ከአያቷ እግር ሥር ተቀምጣለች፤ አልተነሣችም። ጋሽ ተከስተ ፊታቸውን አዞሩ። የምቀመጥበት ፈለግኩ፤ የተጠጋልኝ የለም። ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ለእማማ ሰገን እግር መሳም አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሲያዩኝ አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ፣ በምርኩዛቸው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለማንም ለቀስተኛ እንደሚናገሩት በለሰለሰ ድምፅ ወደ ምንዳዬ ዞሩ።

"ለእንግዳዋ ውሃ ስጫት" አሉ። "ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ደክሟታል።"

ምንዳዬ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። ሁሉም እያየኝ ነበር። ውሃውን ጠጣሁት፣ ብርጭቆውን መለስኩ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩና ወጣሁ።